የእንጆሪውን አናት አትቅበሩት

ቨርጂኒያ ውስጥ መጋቢት ላይ በፖስታ የሚመጣውን የእንጆሪ ችግኝ ፈትቶ የማይደነግጥ ጥቂት ነው። 25 ቡናማ ሥሮች በላስቲክ ታስረው፣ ቅጠል የለ፣ አፈር የለ፤ ያረጀ መጥረጊያ ይመስላሉ። አሌክሳንድሪያ ያሉ አንዲት ጎረቤቴ «ይህ እኮ ደርቋል ልጄ» ብለው ሊጥሉት ሲሉ ደረስኩ። «እማማ፣ ቆይ አይጣሉት» አልኩና አንዱን ሥር በጥፍሬ ፋቅ አድርጌ አሳየኋቸው። ውስጡ ነጭ ነው። የሞተ ሥር ውስጡ ጠቁሮ ይላሽቃል።

ችግኙ ተኝቷል እንጂ አልሞተም። አብቃዮቹ ብርድ ሲገባ ነቅለው፣ ቅጠሉን መልምለው፣ ከዜሮ ዲግሪ ጥቂት ዝቅ ባለ ቅዝቃዜ ለወራት ያቆዩታል። በሞቃቱ ወራት ያጠራቀመው ምግብ ሥሩና አናቱ ውስጥ አለ፤ ሙቀትና ውሃ ሲያገኝ በዚያ ይነሳል። በነገራችን ላይ ቨርጂኒያ ለእንጆሪ ባዕድ አገር አይደለችም። ዛሬ ገበያ የምናየው ትልቁ እንጆሪ አንዱ ወላጁ ስሟን የያዘው የሰሜን አሜሪካ እንጆሪ ነው። ሌላው የቺሊ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው አሜዴ ፍሬዚዬ በ1714 እ.ኤ.አ. ወደ አገሩ ይዞት ገባ፤ ሁለቱም እዚያው አውሮፓ ተዳቀሉ።

ወደ ተከላው ስንመጣ፣ እንጆሪ ፀሐይ እና ውሃ የማይቋጥር፣ ጥቂት አሲዳማ አፈር ይበቃዋል። ጓሯችን ቃሪያና ቲማቲም የማያጣ እኛ ግን አንድ ነገር ልብ እንበል፤ በቅርብ ዓመታት እነሱ ወይም ድንች የነበሩበት መደብ ለእንጆሪ አይሆንም። እነሱንም እንጆሪንም የሚያጠቃው ቨርቲሲሊየም የሚባል ፈንገስ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ ይቆያል።

ዋናው ጉዳይ አናቱ ነው። ከሥሩ በላይ ያለው አጭር ወፍራም ግንድ፣ ቅጠሉም አበባውም የሚወጣበት፣ እሱ ነው። አፈር ከዋጠው ይበሰብሳል፤ ከፍ ብሎ ሥሩ ከተገለጠ ይደርቃል። የአፈሩ ወለል አናቱን ወገቡ ላይ ይያዘው። ጉድጓዱ መሐል ትንሽ የአፈር ጉብታ አብጁ፣ አናቱን ጫፉ ላይ አስቀምጡ፣ ሥሮቹን በዙሪያው ወደ ታች ዘርጓቸው። ረጅሙን ሥር አጥፎ ከማስገባት 10 ሳንቲሜትር ያህል አስቀርቶ መቁረጥ ይሻላል። አፈሩን በእጅ ጠቅጠቅ አድርጋችሁ ካጠጣችሁ በኋላ ጎንበስ ብላችሁ እንደገና እዩ፤ ውሃው አፈሩን ዝቅ ያደርገዋል፣ ወይም አጥቦ አናቱ ላይ ይከምረዋል። ችግኙን ጭራሽ ቀብረው «አታለሉኝ» እያሉ ሻጩን የሚረግሙ ሰዎች ያናድዱኛል። ሌሊቱን ሙሉ ባልዲ ውስጥ የሚዘፈዝፉትም እንዲሁ፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ከዚያ አበባው ይመጣል፣ መቀንጠስም አለበት። በዓመት አንዴ ብቻ የሚያፈራውን ዓይነት የመጀመሪያውን ዓመት አበባ ሁሉ ንሡት፤ ጉልበቱ ወደ ሥር ይወርዳል። በሞቃቱ ወራት እየደጋገመ የሚያፈራውን ግን ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ ቀንጥሱት፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አበባ ተዉለት፣ በዚያው ዓመት ትበላላችሁ።