ትርፍ የተባለው ሐዲድ፦ በጦርነት ጊዜ የባቡር መስመሮችን ነቅሎ የመላክ ውሳኔ

(ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተገለጹ ናቸው።)

በ1916 በፈረንሳይ በሶም ወንዝ አካባቢ የተካሄደው ውጊያ ለእንግሊዝ ጦር የሚቀርበውን የመድፍ ጥይት በተሽከርካሪ መንገድ ብቻ ማጓጓዝ እንደማይቻል በግልጽ አሳየ። ከግንባሩ ጀርባ አዳዲስ የባቡር መስመሮችን መዘርጋት ግድ ሆነ። ይሁን እንጂ የብረት ፋብሪካዎች በጦር መሣሪያ ሥራ ተጠምደው ስለነበር አዲስ ሐዲድ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ስለሆነም በሌላ ስፍራ የተዘረጋውን ነቅሎ መላክ አማራጭ ሆኖ ቀረበ። አስቸጋሪው ጥያቄ ትርፍ የሚባለው የትኛው መስመር ነው የሚለው ነበር።

ካናዳ መልሱን ያገኘችው በቀላሉ ነው። ግራንድ ትራንክ ፓሲፊክና ካናዲያን ኖርዘርን የተባሉ ሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች ከኤድመንተን ከተማ በስተምዕራብ፣ ወደ የሎውሄድ ተራራማ መተላለፊያ፣ ጎን ለጎን የሚሄዱ መስመሮችን ዘርግተው ነበር። የመጀመሪያው በ1914፣ ሁለተኛው በ1915 እስከ ፓሲፊክ ጠረፍ ደረሰ። ሕዝቡ እጅግ በሳሳበት በዚያ አካባቢ ለሁለቱም የሚበቃ ጭነት አልነበረም፤ ኩባንያዎቹም በዕዳ ተዘፍቀው የመንግሥትን እርዳታ ይጠባበቁ ነበር። በመሆኑም በ1917 ከሁለቱ የተሻለው ክፍል እየተመረጠ አንድ መስመር እንዲሆን ተደረገ፤ የ300 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድም ተነቅሎ ለፈረንሳይ ግንባር ዋለ። ድርብ ግንባታው ቀድሞውንም ብክነት ስለነበር ጦርነቱ የሰላሙን ጊዜ ስህተት አረመ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባዶውን የቀረው የአፈር ድልዳልም ከጊዜ በኋላ ለመኪና መንገድነት አገልግሏል።

በእንግሊዝ አገር ቤዚንግስቶክን ከአልተን የሚያገናኘው መስመር ሁኔታ ግን የተለየ ነው። በ1901 የተከፈተው ይህ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የገጠር መስመር ገቢው አነስተኛ ስለነበር በ1916 መጨረሻ ተዘግቶ ሐዲዱ ተነቀለ። በሒሳብ መዝገብ ትርፍ መስሎ የታየው መስመር ለአካባቢው ሰው ትርፍ አልነበረም። የባቡር ኩባንያው መልሶ ለመዘርጋት ባይፈልግም፣ በቀረበበት ተቃውሞ ምክንያት መስመሩ በ1924 እንደገና ተከፈተ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ተራው የሕንድ ሆነ። የካንግራ ሸለቆ ባቡር በ1929 የተከፈተው በጆጊንደርናጋር አቅራቢያ ለሚሠራው የውኃ ኃይል ማመንጫ ዕቃ ለማጓጓዝ ጭምር ነበር። ግንባታው ካበቃ በኋላ ከናግሮታ እስከ ጆጊንደርናጋር ያለው ክፍል ለጦርነቱ ሲባል ተነቀለ። የሸለቆው ነዋሪዎች ባቡራቸውን መልሰው ያገኙት በ1954 ነው።