ቅርፊቱ ያልተሰበረ አልጌ

በሐረር ኤረር በር ቡና የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ጀንፈል መሆኑን ወይም የተፈለፈለ መሆኑን ይጠይቃል። ክቡራን አስመጪዎች ስለ አልጌ ዱቄትም እንዲሁ ሊጠይቁ ይገባል። ክሎሬላ የተባለው አረንጓዴ አልጌ ከደረቅ ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ነገር ግን ጠንካራው የሕዋስ ግድግዳ ካልተሰበረ ሆድ በሚገባ አይፈጨውም፤ ገዢው የከፈለበት ፕሮቲን ከፊሉ እንደ ተዘጋ ያልፋል። በክላሚዶሞናስ ዘንድ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ግድግዳው ሴሉሎስ የለውም፣ ራሱ ስኳር የተጣበቀበት ፕሮቲን ነው። በውስጡ የሚበዛው ሃይድሮክሲፕሮሊን፣ ቆዳ ነጋዴዎቻችንን ይገርማቸው ይሆናል፣ በበሬ ቆዳም በብዛት ይገኛል። በቢሾፍቱ አረንጓዴ ሐይቅ የሚበቅለው ስፒሩሊና አልጌ ቢባልም ወገኑ ከባክቴሪያ ነው፤ ግድግዳው ሳይሰበርም ይፈጫል። ሁለቱ ዱቄቶች በቀለም ስለሚመሳሰሉ፣ ክሎሬላ የሚያዝ ሁሉ «ግድግዳው የተሰበረ» የሚለውን ቃል በውሉ ላይ ያስጽፍ።