በማግኔት ስለሚነቃ ኦርጋኒክ አስተላላፊ

ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ሲባል ትዝ የሚሉን መዳብና ብር ናቸው። ነገር ግን ከካርቦን ሞለኪዩሎች የተሠሩ አንዳንድ ክሪስታሎችም እንደ ብረታ ብረት ያስተላልፋሉ። እዚህ ልንገልጸው የምንወደው ከእነዚህ አንዱን ነው፤ ይኸውም ቤትስ ከሚባል ሞለኪዩልና አንድ የብረት አቶም ከአራት ክሎሪን ጋር ከተጣመረበት አዮን የተሠራውን።

ክሪስታሉ እንደ አነባበሮ ድርብርብ ነው። ኤሌክትሮኖች በቤትሱ ንጣፍ ውስጥ እንደ ልባቸው ሲመላለሱ፥ ብረት ያለበት ንጣፍ ግን መንገድ ስለማይሰጣቸው ከንጣፍ ወደ ንጣፍ መሻገር ይቸግራቸዋል።

ቅዝቃዜው 8 ኬልቪን ገደማ ሲደርስ በክሪስታሉ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ማግኔቶች ጎረቤት ከጎረቤት በተቃራኒ አቅጣጫ ይሰለፋሉ፤ ኤሌክትሪክ ማስተላለፉም ይቀራል። 10 ቴስላ ያህል የማግኔት መስክ ሲቀርብለት ይህ አሰላለፍ ይፈርስና እንደገና አስተላላፊ ይሆናል። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2001 (እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር) ያስታወቁት ግን ከዚህ ይበልጣል፦ መስኩ ከንጣፎቹ ጋር ትይዩ ሆኖ 17 ቴስላ ገደማ ሲያልፍ፥ በ0.1 ኬልቪን አጠገብ ኤሌክትሪኩ ያለ አንዳች ተቃውሞ ይፈሳል፤ ማለት ክሪስታሉ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል።

ይህ ከተለመደው ጋር ፈጽሞ ይጋጫል። ሱፐርኮንዳክተርነት የሚገኘው ኤሌክትሮኖች ጥንድ ጥንድ ሲሆኑ ነው። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ትንሽ ማግኔት ነው፤ በጥንዱ ውስጥ ሁለቱ ፊታቸውን ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ያዞራሉ። ብርቱ መስክ ሁለቱንም ወደ አንድ ወገን ስለሚስብ ጥንዱን ያፋታል። ታዲያ አፋቺው እንዴት አስታራቂ ሆነ?

መልሱን ጃካሪኖና ፒተር የተባሉ ሊቃውንት በ1962 አስቀድመው አስበውት ነበር። የውጭው መስክ የብረት አቶሞቹን ሁሉ በራሱ አቅጣጫ ያሰልፋል፤ እነርሱ ደግሞ በአጠገባቸው የሚያልፉትን ኤሌክትሮኖች በተቃራኒው ይገፋሉ። ግፊቱ 33 ቴስላ ያህል ነው። የውጭው መስክ እዚያው መጠን ሲደርስ ሁለቱ ይጠፋፋሉ፤ ኤሌክትሮኖቹም መስክ እንደሌለ ሆነው ይጣመራሉ። በዚህ ጊዜ ሱፐርኮንዳክተርነቱ እስከ 4 ኬልቪን ገደማ ይጸናል። መስኩ ከ40 ቴስላ ጥቂት ሲያልፍ ግን ይፈርሳል። መስኩ ንጣፉን ቀጥ ብሎ ቢወጋው ነገሩ አይሆንም፤ ኤሌክትሮኖቹን በንጣፉ ውስጥ ያሽከረክራቸዋልና፥ ይህን ደግሞ የብረቱ ግፊት ሊያስቀረው አይችልም።

በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ከእኅቱ ክሪስታል የተገኘው ነው። በብረቱ ቦታ ማግኔትነት የሌለው ጋሊየም ሲገባ፥ ክሪስታሉ አንዳች መስክ ሳያሻው 6 ኬልቪን ገደማ ላይ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል። ብረትና ጋሊየም ሲቀላቀሉም ብረቱ በቀነሰ ቁጥር የሚያስፈልገው መስክ እያነሰ ይሄዳል።