ከሰዓት ሞላ የተሠራ ቀሚስ፦ ቴክኖሎጂና የቪክቶሪያ ዘመን ሴቶች አለባበስ

የኢንዱስትሪ አብዮት ሲነሳ የእኛ ሙያ ሰዎች የእንፋሎት ሞተሩን፣ የባቡር ሐዲዱንና ድልድዩን እንቆጥራለን። ቀሚስ የሚቆጥር መሐንዲስ እስካሁን አላጋጠመኝም። ነገር ግን በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን (ከ1837 እስከ 1901፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ማሽን የሰውን ኑሮ እንዴት እንደለወጠ ለማየት ከሴቶች ልብስ የተሻለ ማስረጃ ያለ አይመስለኝም። ፋሽን የሀብታም ሚስቶች ቅብጠት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ጥያቄው ግን ከዚያ ይከብዳል፦ አዲስ መሣሪያ ሲመጣ ጥቅሙ ለማን፣ ዕዳውስ ለማን?

በ1840ዎቹ የሚፈለገው ከወገብ በታች እንደ ደወል የተነፋ ቀሚስ ነበር። ያንን ቅርጽ ለማግኘት ሴቶች የውስጥ ቀሚስ በላይ በላዩ ይደርባሉ፤ አንዳንዱ በፈረስ ጭራ ተሸምኖ የጠነከረ ነው። ክሪኖሊን የሚለው ስም የመጣውም ከዚሁ ነው፤ ሥሩ በፈረንሳይኛ የፈረስ ጭራ ማለት ነውና። ሙቀቱና ክብደቱ አይጣል ነው። በ1856 ፓሪስ ላይ የብረት ክሪኖሊን የፈጠራ መብት ተመዘገበ። ነገሩ በምህንድስና ዓይን ሲታይ ውብ ነው። እንደ ሰዓት ሞላ ያለ ስስ አረብ ብረት በክብ በክብ ይታጠፋል፤ ክቦቹ ከላይ ጠባብ ከታች ሰፊ እየሆኑ፣ ከወገብ በሚወርዱ የጨርቅ ማሰሪያዎች ላይ ይንጠለጠላሉ። ማሰሪያው ክብደቱን ይሸከማል፣ ክቡ ቅርጹን ይጠብቃል። ሞላ በመሆኑም ሴትየዋ በጠባብ በር ስታልፍ ወይም ስትቀመጥ ይተጣጠፋል፤ ስትነሳ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቅርጹ የወፍ ጎጆ ስለሚመስል ዛሬ ብዙ ሰው እንደ እስር ቤት ያየዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ያ ሁሉ ድርብርብ ጉርድ ቀርቶ እግር እንደልብ የሚንቀሳቀስበት ባዶ ቦታ ተገኝቷል።

ችግሩ ሌላ ጋ ነው። ከላይ የሚለበሰው ስስ ጨርቅ፣ ከሥሩ አየር፣ ቤቱ ደግሞ በምድጃና በሻማ የሚሞቅና የሚበራ። እሳት የሚፈልገው ሁሉ በአንድ ላይ ተሟልቷል! የአሜሪካዊው ገጣሚ የሎንግፌሎ ባለቤት ፋኒ በ1861 ያረፉት ቀሚሳቸው በእሳት ተያይዞ ነው።

በዚያው በ1856 ዊልያም ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ፣ ለንደን ውስጥ፣ ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን የወባ መድኃኒቱን ኲኒን አወጣለሁ ሲል ሐምራዊ ማቅለሚያ አገኘ። በ1858 ንግሥት ቪክቶሪያ በልጃቸው ሠርግ ላይ ሐምራዊ ለብሰው ታዩ፤ ከዚያ በኋላ ፋሽኑን የሚያቆመው ጠፋ። አረንጓዴው ግን ከዚህ በፊትም የነበረ፣ ከአርሰኒክ የሚሠራ መርዝ ነበር። ማቲልዳ ሾየረር የተባለች የ19 ዓመት ወጣት ሥራዋ ለጌጥ የሚሆኑ ሰው ሠራሽ ቅጠሎች ላይ አረንጓዴ ዱቄት መነስነስ ነበር። በ1861 ተመርዛ ሞተች። ያጌጠችው ሌላ፣ የሞተችው ሌላ።

ወደ ስፌት መኪናው ልምጣ። በየሰፈራችን በረንዳ ላይ የምናውቀው ሲንጀር የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1851 ነው። ሻጮቹ በእጅ ከ14 ሰዓት በላይ የሚፈጀውን የወንድ ሸሚዝ መኪናው በ1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይጨርሰዋል ይሉ ነበር። እንግዲህ ሰፊዋ ዕረፍት አገኘች ማለት ነው? አላገኘችም። የተረፈው ጊዜ ወደ ሽንሽን፣ ወደ ዳንቴልና ወደ ሪባን ተቀየረ፤ ቀሚሱ ይበልጥ ተወሳሰበ። «ካፒታል»ን ያነበበ ሰው ሜሪ አን ዎክሊን ያስታውሳል። የ20 ዓመቷ ሰፊ በ1863 ለዌልስ ልዕልት ክብር በተዘጋጀ ግብዣ ላይ የሚለበሱ ቀሚሶችን ለማድረስ፣ ከሌሎች 60 ልጃገረዶች ጋር 26 ሰዓት ተኩል ያለ ዕረፍት ሰፍታ ነው የሞተችው። መኪናው ከተፈጠረ አሥር ዓመት አልፎታል።

(በነገራችን ላይ ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ በ1868 ከመቅደላ የተወሰደ፣ የእቴጌ ጥሩወርቅ ነው የሚባል ጥልፍ ቀሚስ አለ። እሱ ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ ለሌላ ቀን ላቆየው።)

የዘመኑ መጨረሻ ላይ ቴክኖሎጂው አቅጣጫ ቀየረ። በ1885 ሁለቱ ጎማዎች በመጠን የሚቀራረቡለት ብስክሌት መጣ፤ በ1888 ደንሎፕ በአየር የሚነፋ ጎማ ጨመረበት። በረዥም ቀሚስ ፔዳል መምታት ያስቸግራል፣ ጨርቁ ሰንሰለት ውስጥ ይገባል። እናም ተሟጋቾች ለዓመታት ሲከራከሩበት የነበረውን ሰፊ ሱሪ ሰንሰለቱ አስገደደ። ሌዲ ሃርበርተን በ1898 ይህንኑ ሱሪ ለብሰው በብስክሌት ለንደን አጠገብ ወዳለ አንድ ሆቴል ሄዱ። የሆቴሏ ባለቤት የቡና ክፍሉን ከልክላ ወደ መጠጥ ቤቱ ላከቻቸው። የብስክሌተኞች ማኅበር ጉዳዩን ፍርድ ቤት አቀረበ፤ በ1899 ሆቴሉ ረታ።