የድረ ገጽ አከራይና የባለቤቱ ኃላፊነት

ለድረ ገጽ ቦታ የሚያከራይ ኩባንያ በጠቅላላው የሚጠየቀው ኮምፒውተሩ እንዲሠራ፣ መስመሩም እንዳይቋረጥ ነው፤ የገጹ ይዘት፣ የይለፍ ቃሉና የስሙ ዕድሳት የባለቤቱ ፈንታ ነው። የሚያከራክረው የመጠባበቂያው ቅጂ ስለሆነ፣ ነጋዴው ሲዋዋል ቅጂው በየትኛው ሕንፃ እንደሚቀመጥ በጽሑፍ ማስፈር ይገባዋል።

መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ ከተማ ኦቪኤች የተባለው ኩባንያ ያቆመው የኮምፒውተሮች ሕንፃ በእሳት ጋየ። የኩባንያው መሥራች ደንበኞቹ ለአደጋ ያዘጋጁትን ዕቅድ በሥራ ላይ እንዲያውሉ መከረ፤ ያላዘጋጀው ምን ያውል! ከደንበኞቹ አንዱ ግን ለቅጂ ጥበቃ የሚገባውን ይከፍል ነበር፤ ይሁን እንጂ ቅጂው በዚያው ስፍራ ከዋናው ጋር ተቃጠለ። ውሉ ቅጂው ከዋናው ተለይቶ እንዲቀመጥ ይናገር ስለ ነበር፣ የሊል ንግድ ፍርድ ቤት ጥር 18 ቀን 2015 ዓ.ም. በመጀመሪያ ደረጃ ኩባንያው ካሣ እንዲከፍል ፈረደ።