ዝቅተኛ አማካይ ውጤት እና በውጭ ሀገር የድኅረ ምረቃ ትምህርት ማመልከቻ

በጤና ጣቢያዎችና በሆስፒታሎች የሚያገለግሉ በርካታ ባለሙያዎች በውጭ ሀገር የድኅረ ምረቃ ትምህርት የመከታተል ፍላጎት እያላቸው፣ የመጀመሪያ ዲግሪ አማካይ ውጤታቸው ከ3.00 በታች በመሆኑ ብቻ ሳያመለክቱ ይቀራሉ። ሌሎች ደግሞ የመግቢያ መስፈርቱን ሳያጣሩ በየዓመቱ እያመለከቱ ገንዘባቸውን ይጨርሳሉ። ለሁለቱም ወገን ቁጥሩ በተቀባዩ ተቋም ዘንድ እንዴት እንደሚነበብ ማወቅ ይጠቅማል።

ጀርመንን እንውሰድ። በዚያ ሀገር 1.0 ከፍተኛው፣ 4.0 ደግሞ ዝቅተኛው የማለፊያ ውጤት ነው። የውጭ ሀገር ውጤት የሚለወጠው በአብዛኛው የተሻሻለው የባቫርያ ቀመር በተባለው ስሌት ነው። የአመልካቹ ውጤት ከከፍተኛው ውጤት ላይ ይቀነሳል፤ ልዩነቱም በከፍተኛውና በዝቅተኛው የማለፊያ ውጤት መካከል ላለው ርቀት ይካፈላል፤ የተገኘው በ3 ተባዝቶ 1 ይደመርበታል። በሀገራችን ከፍተኛው 4.00፣ ለመመረቅ የሚያበቃው ዝቅተኛ ውጤት 2.00 በመሆኑ፣ 3.00 ያለው ሰው 2.5፣ 2.70 ያለው ደግሞ 2.95 ያገኛል። 2.5ን እንደ ወሰን የሚጠቀሙ የማስተርስ ፕሮግራሞች ጥቂት ስላልሆኑ፣ ሁለተኛው አመልካች ወሰኑ የማይታለፍ መሆን አለመሆኑን አስተባባሪውን አስቀድሞ በኢሜይል ቢጠይቅ ከከንቱ ድካም ይድናል።

የጤና ባለሙያው ጥንካሬ የሥራ ልምዱ ነው። የብሪታንያው ቺቭኒንግ 2,800 ሰዓት ወይም የሁለት ዓመት ያህል ልምድ ይጠይቃል። የጀርመኑ ዳአድም ለታዳጊ ሀገራት ባለሙያዎች በሚሰጠው ነጻ የትምህርት ዕድል ቢያንስ የሁለት ዓመት ልምድ ይፈልጋል፤ ሆኖም ዲግሪው እንደ ደንቡ ከስድስት ዓመት በላይ ያስቆጠረ እንዳይሆን ስለሚያዝ፣ ልምድ እስካካብት ልቆይ ማለትም ገደብ አለው። በእርግጥ ነጻ የትምህርት ዕድል ሰጪዎች ከዩኒቨርሲቲዎቹ ይልቅ ውጤትን ሊያጠብቁ ይችላሉ።

በዓላማ መግለጫው ላይ ስለ ዝቅተኛ ውጤት ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በባዮኬሚስትሪ ሲ ያገኘ፣ በክሊኒካል ትምህርቶች ግን የተሻሻለ ተማሪ ይህንኑ ለውጥ በግልጽ ያሳይ፤ ምሬትና ሰበብ ግን አንባቢውን ያሰለቻል። የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠየቅ ማዕረጉ ከፍ ያለ፣ አመልካቹን ግን በስም ብቻ ከሚያውቅ ኃላፊ ይልቅ፣ ያቋረጡ የቲቢ ሕሙማንን ፈልጎ ወደ ሕክምና ሲመልስ የተመለከተው የቅርብ አለቃ ይመረጣል። በኤፒዲሚዮሎጂ ወይም በባዮስታቲስቲክስ ፈተና ያለበት አጭር ኮርስ በጥሩ ውጤት ማጠናቀቅም የድሮውን ትራንስክሪፕት የሚያስተካክል አዲስ ማስረጃ ይሆናል።

ውጤት ለማሳመር ማስረጃ መነካካት ግን የሙያ ፈቃድን ጭምር ለአደጋ ያጋልጣል። የአሜሪካ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤቶች የጋራ የማመልከቻ ሥርዓት የሆነው ሶፋስ የውጭ ማስረጃዎች በገምጋሚ ተቋም እንዲመዘኑ ይፈልጋል፤ ከገምጋሚዎቹ አንዱ የሆነው ዎርልድ ኤጁኬሽን ሰርቪስስም ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እንዲላክለት ይጠይቃል። ይህ ሂደት በሬጅስትራር ቢሮ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ከዓላማ መግለጫው አስቀድሞ ሊጀመር ይገባል።