የሙከራ እርሻና የዕጣ ፍርድ

አንድ ገበሬ የለመደውን ዘር ትቶ አዲስ ዘር ሲዘራ ወይም አዲስ ማዳበሪያ ሲገዛ፥ የአንድ ዓመት ኑሮውን በሌላ ሰው ምክር ላይ ይጥላል። ምክሩ የተሳሳተ እንደ ሆነ ጉዳቱ የሚደርሰው በመካሪው ላይ ሳይሆን በገበሬው ጎተራና በልጆቹ ገበታ ላይ ነው። ስለዚህ ይህኛው ዘር ከዚያኛው ይበልጣል ተብሎ ለሕዝብ ከመነገሩ አስቀድሞ፥ ነገሩ በምን ዓይነት ሙከራ እንደ ተረጋገጠ መጠየቅ በሥልጣን ላይ ያለ ሰው ሁሉ ግዴታ ነው።

ሙከራ ሲባል ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ዘር ጎን ለጎን ዘርቶ ምርቱን መመዘን ብቻ ይመስላል። ነገር ግን መሬት አንድ ወጥ አይደለም። በአንድ ማሳ ውስጥ እንኳ አንዱ ወገን ጥቁር አፈር፥ ሌላው ቀይ ይሆናል፤ አንዱ ውሃ ይቋጥራል፥ ሌላው ያሳልፋል፤ የከብት በረት የነበረበትም ቦታ ለብዙ ጊዜ ለምቶ ይቆያል። እንግዲህ አዲሱ ዘር በለማው ወገን፥ ነባሩም በደከመው ወገን ተዘርተው አዲሱ ቢበልጥ፥ ያሸነፈው ዘሩ ነው ወይስ መሬቱ? ሚዛን ይህን ለይቶ አይናገርም። ከዚህም በላይ መርማሪው ምንም ቅን ሰው ቢሆን፥ ብዙ ዓመት የደከመበትን ዘር ሳያውቀው በተሻለው ቦታ ያኖረው ዘንድ ልቡ ይስበዋል።

የዚህ ችግር መድኃኒቱ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በዓል ሲደርስ ጎረቤታሞች በሬ ገዝተው ቅርጫ ሲገቡ፥ ሥጋውን በተቻለ መጠን አስተካክለው በመደብ በመደቡ ያኖራሉ፤ ከዚያም እያንዳንዱ ምልክቱን ይሰጥና የማን ምልክት የማን እንደ ሆነ ያላወቀ ሰው ዕጣውን ይጥላል። መደቡን የመደበው ሰው ራሱ መራጭ ስላልሆነ የሚያጉረመርም አይኖርም። ወንድማማቾች ርስት ሲካፈሉም ዕጣ ሲጣል ኖሯል። በቅዱሳት መጻሕፍትም ኢያሱ ምድሪቱን ለእስራኤል ነገዶች በዕጣ እንዳካፈለ፥ ማትያስም በይሁዳ ስፍራ በዕጣ ከሐዋርያት ጋራ እንደ ተቈጠረ ተጽፎ ይገኛል። የሰው ፈቃድ እንዳያዳላ በሚፈራበት ቦታ ሁሉ ዕጣ ዳኛ ሆኖ ይቆማል።

ይህን ዳኛ በእርሻ ሙከራ ላይ በሕግ ያስቀመጠው እንግሊዛዊው ሊቅ ሮናልድ ፊሸር ነው። ከለንደን በስተ ሰሜን፥ ሀርፐንደን በምትባል ከተማ የሚገኘው የሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1843 ዓ.ም. ተመሠረተ። በዚያው ዓመት ብሮድባልክ በሚባለው ማሳ የተጀመረው የስንዴ ሙከራ እስከ ዛሬ ይቀጥላል። ሆኖም በጥንቱ አሠራር ለእያንዳንዱ የማዳበሪያ ዓይነት የተሰጠው አንድ ረጅምና ጠባብ መሬት ስለ ነበረ፥ በሁለቱ መካከል የታየው ልዩነት ከማዳበሪያው ይሁን ከአፈሩ ለመለየት ያስቸግር ነበር። ፊሸር በ1919 ዓ.ም. ወደዚህ ጣቢያ መጥቶ ለብዙ ዓመታት የተከማቸውን መዝገብ ከመረመረ በኋላ፥ በ1926 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍና በ1935 ዓ.ም. ስለ ሙከራ አወጣጥ ባሳተመው መጽሐፍ ሦስት ነገሮችን አጸና፤ አንደኛ፥ እያንዳንዱ ዘር በብዙ መደብ ተደጋግሞ ይዘራ፤ ሁለተኛ፥ የትኛው ዘር በየትኛው መደብ እንደሚውል ዕጣ ይወስን፤ ሦስተኛ፥ የመሬቱ ልዩነት አስቀድሞ በታወቀ ጊዜ ተመሳሳዩ መሬት ከተመሳሳዩ ጋራ ይመደብ ብሎ።

ይህ ትምህርት ያለ ክርክር አልተቀበሉትም። በጊነስ የቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረውና ስቱደንት በሚል የብዕር ስም የታወቀው ዊልያም ጎሴት፥ በ1937 ዓ.ም. እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ፥ መደቦቹን በዕጣ ከመበተን ይልቅ በሚዛን አስተካክሎ በተራ ማሰለፍ ይሻላል ብሎ ተከራክሯል። ክርክሩ ዋዛ አልነበረም፤ በጥንቃቄ የተሰለፈ ሙከራ አንዳንድ ጊዜ ከዕጣው ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ውጤት ሊሰጥ ይችላልና። የፊሸር መልስ ግን ይህ ነበር፤ ሰው በመረጠው አሰላለፍ ስሕተቱ ምን ያህል እንደ ሆነ በታመነ መንገድ ለማስላት አይቻልም፤ በዕጣ በተደለደለው ግን ይቻላል።

ይህንንም በምሳሌ ማስረዳት ይገባል። ሦስት ዓይነት ጤፍ እያንዳንዱ በ4 መደብ ቢዘራ 12 መደብ ይሆናል። እነዚህን ሦስት ዓይነቶች በ12ቱ መደቦች ላይ ለመደልደል 34,650 ልዩ ልዩ መንገድ አለ። ዕጣው በትክክል ከተጣለ እነዚህ ሁሉ እኩል ዕድል አላቸው። እንግዲህ ሦስቱ ዓይነቶች በእውነት ልዩነት ባይኖራቸው፥ በመከር ጊዜ የታየውን ያህል ብልጫ ዕጣው ብቻውን ስንት ጊዜ ሊያመጣው እንደሚችል ተቈጥሮ ይታወቃል። ከመቶ ሠላሳ ጊዜ የሚያመጣው ከሆነ ብልጫው የዘሩ ነው ብሎ መመስከር አይገባም፤ ከሺህ አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ግን ለመመስከር ድፍረት ይገኛል።

በቀድሞ ዘመን ዕጣው የሚጣለው በወረቀት ቁራጭ ወይም ለዚሁ ሥራ በታተመ የቁጥር ሰንጠረዥ ነበር። ቲፔት የተባለው ሊቅ በ1927 ዓ.ም. 41,600 አኃዞች ያሉበት ሰንጠረዥ አሳተመ፤ ፊሸርና ባልደረባው ዬትስ ደግሞ በ1938 ዓ.ም. ሌላ ሰንጠረዥ ከአጠቃቀሙ ጋራ አወጡ። በ1964 ዓ.ም. ሪቻርድ ደርስተንፌልድ ይህንኑ ዘዴ ለኮምፒዩተር እንዲስማማ አድርጎ ጻፈው። ዛሬ አር በሚባለው በነፃ በሚገኝ ፕሮግራምና አግሪኮሌ በሚባለው ተጨማሪው፥ የዘሮቹን ስምና የድግግሞሹን ቁጥር ያስገባ ሰው ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት የተደለደለውን ዝርዝር በቅጽበት ያገኛል። መሬቱም ሁሉ ለዕጣው አንድ ሆኖ ስለሚቈጠር ይህ አደላደል ፍጹም የዕጣ ድልድል ይባላል።

እዚህ ላይ ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ኮምፒዩተሩ እንደ ሰው እጅ ዕጣ አይጥልም፤ ከአንድ መነሻ ቁጥር ተነሥቶ ዕጣ የሚመስሉ ቁጥሮችን በስሌት ያወጣል። ይህም መነሻ ቁጥር ዘር ይባላል። ያው ዘር በያው ፕሮግራም በተሰጠ ጊዜ ያው ድልድል ይወጣል። ስለዚህ ዘሩ በመዝገብ ከተጻፈ፥ በሌላ አገር ያለ መርማሪ እንኳ ዕጣው በእውነት የተጣለ መሆኑን ራሱ ደግሞ ሊያረጋግጥ ይችላል፤ በወረቀት ቁራጭ የተጣለ ዕጣ ግን ምስክሩ የጣለው ሰው ብቻ ነው።

ነገር ግን ይኸው ቀላልነቱ ለፈተና በር ይከፍታል። አንድ ሰው የወጣለትን ድልድል ባይወደው፥ ዘሩን ለውጦ ሁለተኛ፥ ሦስተኛ፥ አሥረኛ ጊዜ ማዘዝ ይችላል። እስኪወድደው ድረስ ደጋግሞ ዕጣ የሚጥል ሰው ግን መረጠ እንጂ ዕጣ አልጣለም። የቅርጫ ማኅበርተኛ ሻኛው እስኪደርሰው ድረስ ዕጣው ይደገም ቢል ማን ይታገሠዋል?

ዕጣው አንዱን ዘር በሙሉ ወደ አንድ ወገን ቢሰበስበውስ የሚል ጠያቂ አይጠፋም። መደቦቹ በአንድ ረድፍ ተከታትለው የተቀመጡ እንደ ሆነ፥ ሦስቱም ዓይነቶች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ተሰብስበው የሚወጡት ከ34,650 መንገድ በ6ቱ ብቻ ነው፤ ቢሆንም ሊሆን ይችላል። መልሱ ዕጣውን ካዩ በኋላ ማፍረስ ሳይሆን አስቀድሞ ማሰብ ነው። ፍጹም የዕጣ ድልድል የሚስማማው መሬቱ ከዳር እስከ ዳር ሲመሳሰል፥ ወይም እንደ ቤተ ሙከራ ሁሉ በአንድ ዓይነት አፈር በተሞሉ ማሰሮዎች ሲዘራ ነው። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ግን ከላይ እስከ ታች በአራት ክፍል ከፍሎ፥ በየክፍሉ ሦስቱም ዘሮች እንዲገኙ አድርጎ፥ ዕጣውን በየክፍሉ መጣል ይገባል። ፕሮግራሙ ይህንንም ያደርጋል፤ ነገር ግን ተዳፋቱን ራሱ አያየውም። ይህን የሚያውቀው ማሳውን በእግሩ የረገጠ ሰውና በዚያ መሬት ያረሰ ገበሬ ነው፤ ስለዚህ ገበሬውን ሳይጠይቁ ኮምፒዩተሩን መጠየቅ ሥራን ከመካከል መጀመር ነው።

እንግዲህ የአዲስ ዘር ወይም የማዳበሪያ ወሬ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ የመሥሪያ ቤት ሹም ሦስት ጥያቄ ያቅርብ፤ ሙከራው በስንት መደብ ተደገመ? ቦታውን የወሰነው ዕጣ ነው ወይስ ሰው? የዕጣው መነሻ ቁጥር ከመዘራቱ በፊት ተጽፏልን? እነዚህን ለመጠየቅ የሂሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። መልስ ያጣ ሙከራ ምርቱ ምንም ያማረ ቢሆን ለምስክርነት አይበቃም። በየአጥቢያው ሕዝብ የሚሰማቸው ካህናትም የዕጣን ነገር ከማንም ይልቅ ያውቁታልና፥ ገበሬው ምክር ከመቀበሉ በፊት እንዲጠይቅ ቢያስተምሩት ጎተራውን ይጠብቁለታል። ዕጣ የሚጠቅመው ፍርዱን ለሚቀበል ሰው ነው፤ ፍርዱን እየመረጠ ለሚቀበል ሰው ግን ኮምፒዩተሩም ቢሆን የራሱን ምኞት መልሶ ከማሳየት በቀር የሚረዳው ነገር የለም።